ክፍት ስልክ ልግዛ ወይስ ልጠብቅ? ጎጃም ሆኖ ለሚያስብ ሰው

በቀደም ቡሬ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለልኝና «ኮዱ ለሁሉም ሰው ክፍት የሆነ ስልክ አለ አሉ፣ እህቴ ከውጭ ስትመጣ ልታመጣልኝ ነው፣ የቱን ልበላት?» አለኝ። ደብረ ማርቆስ፣ ስልክ የሚጠግን ጓደኛዬ ሱቅ ቁጭ ብዬ ነበር፣ ስፒከር ላይ አድርጌው ስለነበር እሱም ሰምቷል፣ ከቦርዱ ላይ ቀና እንኳን ሳይል «ስክሪኑ ሲሰበር ከየት አምጣ ሊለኝ ነው?» አለና ብየዳውን ቀጠለ። እኔ እነዚህን ስልኮች ለዓመታት ስከታተል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ግን ያን ቀን ቶሎ መልስ አጣሁ። ምክንያቱም ክፍት ስልክ የሚባለው አንድ ነገር አይደለም፤ አንዱ ተሰርቶ የሚሸጥ፣ ሊኑክስ በሚባለው ኮዱ ክፍት በሆነ የኮምፒውተር ሲስተም የሚሰራ ስልክ ነው፣ አንዱ ያው የምናውቀው አንድሮይድ ሆኖ ከጉግል የተላቀቀ ነው፣ አንዱ ደግሞ ገና ቃል ነው፣ ብሩን ዛሬ ከፍለህ ስልኩ ዘንድሮ ይምጣ ከርሞ የማታውቀው። ሶስቱን ቀላቅለን ስለምናወራ ነው ሰው የሚወናበደው።

መጀመሪያ መለኪያው

አንደኛ፣ ስልኩ ዛሬ በሰው እጅ አለ ወይ? ቀኑስ ስንቴ ተገፍቷል? ልብስ ሰፊ ለፋሲካ ብሎ ጨርቅህን ተቀብሎ ለጰራቅሊጦስ ሲያደርሰው አይተሃል አይደል፣ እዚህም ያው ነው፣ ልዩነቱ ልብስ ሰፊው ጎረቤትህ ስለሆነ ሄደህ በሩ ላይ መቆም ትችላለህ።

ሁለተኛ፣ ይደውላል ወይ፣ ኮከብ 127 መሰላል እና ኮከብ 889 መሰላል ይሰራሉ ወይ? እዚህ ሰው ብር የሚልከው፣ ካርድ የሚሞላው በዚህ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ የነበረ ጊዜ ስማርት ስልካችን ወደ በተን ስልክ ተመልሶ ነበር እኮ፣ ያን ጊዜ ያላለፈ ስልክ ለእኔ ስልክ አይደለም። ውጭ ያሉ ሰዎች ግምገማ ሲጽፉ ይሄን አያነሱትም፣ እኛ ግን ከካሜራው በፊት የምንጠይቀው ይሄንን ነው።

ሶስተኛ ባትሪ። መብራት ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመጣበት ቀን አለ፣ ስለዚህ ባትሪው ውሎ ማደሩ ብቻ ሳይሆን አውጥተህ ሌላ መክተት መቻሉም ይቆጠራል።

አራተኛ የጓደኛዬ ጥያቄ፣ ስክሪን ከየት? አምስተኛ አማርኛ መጻፍ። ማንበቡስ ችግር የለውም፣ ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጠቀሙበት የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፣ ነጻ ፎንትም ሞልቷል። ስክሪን ላይ የሚወጣው ኪቦርድ ነው ጉዱ።

ስድስተኛ ክፍትነቱ እስከ ምን ድረስ ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ከዚህ በታች ከማነሳቸው ሁሉ ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆነ አንድም የለም፣ ከኔትወርኩ ጋር የሚያወራው የሞደሙ ሶፍትዌር ሁሉም ላይ ዝግ ነው። ሰባተኛ እጅህ እስኪገባ የሚያወጣው ጠቅላላ ዋጋ፤ የመላኪያውና የቀረጡ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ 100ን ስላለፈ «200 ዶላር ብቻ» የሚባለው ነገር እኛ ጋር ሲደርስ ብቻ አይደለም።

ለምንድነው ሁሌ የሚዘገዩት?

አማራጮቹ ውስጥ ከመግባቴ በፊት እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም መዘግየቱን ያልገባው ሰው ወይ ሁሉንም ሌባ ይላል ወይ ሁሉንም ያምናል።

ኦፕንሞኮን የሚያስታውስ አለ? ታይዋን ውስጥ የተጀመረ ፕሮጀክት ነው፣ የመጀመሪያው ስልክ ኒዮ 1973 በ2007 እ.ኤ.አ. ለፕሮግራመሮች ተሸጠ፣ ስሙን ያገኘው በእጅ ስልክ የመጀመሪያው ጥሪ ከተደረገበት ዓመት ነው። በ2008 ኒዮ ፍሪራነር መጣ። ስልኩ የሚገርም ነበር፣ የቦርዱን ንድፍ ሳይቀር ሰዉ ማየት ይችል ነበር፣ ግን ስትደውል ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ጆሮ ላይ እዝዝዝ የሚል ድምጽ ይሰማ ነበር፣ ሜሞሪ ካርድ ስትከትበት ደግሞ ጂፒኤሱ ሳተላይት ማግኘት ያቅተዋል። ያን ድምጽ ለማጥፋት መፍትሄው ቦርዱ ላይ በእጅ መበየድ ነበር፣ ካፓሲተር የምትባል የጤፍ ፍሬ የምታክል ነገር። ይሄን ለጓደኛዬ ስነግረው ሳቀ፣ «እኔ ጋር ቢያመጡት በሻይ ሰዓት እጨርስላቸው ነበር» አለ። እውነቱን ነው፣ ግን አስቡት፣ 399 ዶላር አውጥተህ የገዛኸውን ስልክ ለብየዳ ስትወስድ። በሚያዝያ 2009 እ.ኤ.አ. ቀጣዩ ስልክ ተሰረዘ፣ ሰራተኛም ተቀነሰ፣ በቃ።

ከዚያ ሊብረም 5 መጣ። ፒዩሪዝም የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ከሕዝብ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመሰብሰብ ተነሳ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ አገኘ፣ ስልኩን በጥር 2019 አደርሳለሁ አለ፣ ዋጋውም 599 ዶላር። ከዚያ የመረጡት ቺፕ ባትሪ የሚጨርስ ጉድለት ተገኘበትና ወደ ሚያዝያ ተገፋ፣ ከሚያዝያ ደግሞ ወደ ዓመቱ ሶስተኛ ሩብ። በመስከረም የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ስልኮች ወጡ፣ ግን በዛፍ ስም እየሰየሙ ቡድን በቡድን ነበር የሚለቁት፣ ሙሉ ምርት የተባለው ኤቨርግሪን መላክ የጀመረው ህዳር 2020 ላይ ነው። ከተባለው ቀን 22 ወር አልፎ ማለት ነው፣ ከዚያም በኋላ ወረፋው አላለቀም፣ ዋጋውም እየወጣ ወጥቶ አንድ ሺህ ዶላርን አልፎ ነበር።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድነው? ትልልቆቹ ድርጅቶች ስልክ ሲሰሩ ሞደሙ ከዋናው ቺፕ ጋር አንድ ላይ ሆኖ፣ ሶፍትዌሩም ከነዝጉ ተዘጋጅቶ ይመጣላቸዋል፣ ቺፕ ሰሪውም ሚሊዮን ስለሚገዙ ሲጠሩት አቤት ይላል። ክፍት ስልክ የሚሰራው ግን ሞደሙን ከዋናው ቺፕ ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው፣ የተዘጋው ክፍል ሜሞሪህን እንዳያይ፣ ስለዚህ የኮምፒውተር የሚመስል ካርድ ስልክ ውስጥ ይገባል፣ ስልኩ ይወፍራል፣ ባትሪ ይበላል፣ ድራይቨሩን፣ ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባውን ኮድ፣ ከባዶ መጻፍ አለብህ፣ የምታዘው ብዛት ጥቂት ስለሆነ ፋብሪካው ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጥህ። በዚህ ላይ ኮቪድ እና የቺፕ እጥረት መጣ። ስለዚህ ውሸታሞች ናቸው አልልም፣ ግን ሁሌ የሚናገሩት ቀን ምንም ችግር ባይገጥም የሚደርስበትን ቀን ነው፣ ችግር ደግሞ ሳይገጥማቸው ቀርቶ አያውቅም።

አሁን የሚገርመኝ ነገር። ሊብረም 5ን ሰው እየጠበቀ ሳለ ድርጅቱ ለስልኩ ብሎ ያሰራው ሶፍትዌር፣ ፎሽ የሚባለው የስክሪኑ ገጽ እና ፕሮግራሞችን ከትንሽ ስክሪን ጋር የሚያስማማው ሊብሃንዲ፣ ክፍት ስለነበር ለሁሉም ሆነ። ፓይንፎን የሚባለው በጣም ርካሹ ስልክ ፎሽን አንስቶ ሄደ፣ ሊብሃንዲም ቆይቶ ሊብአድዋይታ ሆኖ ግኖም የሚባለው የሊኑክስ ኮምፒውተር ገጽ መሰረት ሆነ። ማለትም 599 ዶላር ከፍሎ ዓመታት የጠበቀው ሰውዬ ሳያውቀው 149 ዶላር ለከፈለው ልጅ ደግሶለታል። የማህበረሰቡ ተስፋ የሚባለው ለእኔ ይሄ ነው፣ ስልኩ ቢቀር ኮዱ አይቀርም። ግን ይሄ ለማህበረሰቡ እንጂ ኪሱ ለተራገፈው ሰውዬ ምን ያደርግለታል?

ሊብረም 5

ከሁሉም በላይ በመርህ የጸና እሱ ነው። ጎኑ ላይ ሶስት ማብሪያ ማጥፊያ አለው፣ አንዱ ዋይፋይና ብሉቱዝ፣ አንዱ ሞደም፣ አንዱ ካሜራና ማይክ፣ ሶፍትዌሩን ለምኖ ሳይሆን ኤሌክትሪኩን ነው የሚቆርጠው። ሞደሙም ዋይፋዩም ተነቅለው የሚቀየሩ ካርዶች ናቸው፣ ባትሪው ይወጣል። ነገር ግን 3 ጊጋ ራም፣ 32 ጊጋ ማስቀመጫ፣ ወፍራም፣ ቶሎ የሚሞቅ። ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ በነበረ ጊዜ እኛ ጋር ቢመጣ የሞተር ሳይክል ሒሳብ ውስጥ ይገባ ነበር። ስክሪኑ ከተሰበረ ማርቆስ ቀርቶ አዲስ አበባ መርካቶም አታገኘውም። ሥራህ ምስጢር ጠባቂነት ከሆነና ወጪውን ሌላ ሰው ከሸፈነልህ እሺ፣ አለበለዚያ እኔ አልመክርም።

ፓይንፎን

ፓይን64 የሚባለው ድርጅት በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ብሬቭሃርት ብሎ የላከው የመጀመሪያው 149 ዶላር ነበር፣ 3 ጊጋ ራምና 32 ጊጋ ያለው በኋላ በ199 መጣ። ስሙን ልብ በሉት፣ ጀግና ልብ፣ ማለት ስልኩ ላይ የሚሰራ ሶፍትዌር ሳይጫን ነው የሸጡት፣ እወቁት ብለው። ይሄን ሐቀኝነታቸውን እወድላቸዋለሁ፣ አለቀ ብለው አልዋሹም፣ ዋስትናውም 30 ቀን ብቻ እንደሆነ ተናግረው ነው የሚሸጡት።

ሶስት ነገሩ ለኛ ይመቻል። አንደኛ ከሜሞሪ ካርድ ይነሳል፣ አምስት ዓይነት ሲስተም በአምስት ካርድ ይዘህ እየቀያየርክ መሞከር ትችላለህ፣ ብታበላሸው ካርዱን አውጥተህ እንደገና ትጽፋለህ፣ ስልኩ አይሞትም። ሁለተኛ ባትሪው የሳምሰንግ ጄ7 ቅርጽ ነው! ጄ7 ደግሞ በኛ ከተማ ያልያዘው ሰው አልነበረም፣ ጥገና ቤት ሁሉ መሳቢያው ውስጥ ባትሪው አለ። ሶስተኛ ክዳኑን ስትከፍት ስድስት ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ በስንጥር ነው የምትገፋቸው፣ ሞደሙን፣ ማይኩን፣ ካሜራዎቹን ለየብቻ ትዘጋለህ።

መጥፎው ግን መጥፎ ነው። ቺፑ ከመጀመሪያውም ደካማ ነው፣ አንድ ገጽ እስኪከፈት ቡና ይፈላል ስል ትንሽ ነው የማጋንነው። ተኝቶ ሳለ ስልክ ሲደወል እስኪነቃ ደዋዩ ሊዘጋ ይችላል። ባትሪው ቀን አይውልም። በአማርኛ ለመጻፍ ስክሪን ኪቦርዱ አማርኛ እንዳለው ከምትጭነው ሲስተም ላይ ማየት አለብህ፣ ከሌለው ደግሞ ራስህ ፋይሉን መጻፍ ትችላለህ፣ ያው ክፍት አይደል። አንድ የኛ እድል አለ፣ አሜሪካ 3ጂ በ2022 እ.ኤ.አ. ስለተዘጋ እዚያ ጥሪው በአብዛኛው በ4ጂ መሆን አለበት፣ የሊኑክስ ስልኮች ደግሞ እዚያ ላይ ነው ብዙ የተቸገሩት፣ እኛ ጋር 2ጂውም 3ጂውም ስላለ መደወሉ ብዙ አያስቸግርም። ኋላ ቀርነታችን ለአንድ ቀን ጠቀመን።

ፓይንፎን ፕሮ የሚባል ወንድም ነበረው፣ በ2021 የተዋወቀ፣ 399 ዶላር የነበረ፣ ፈጠን ያለ፣ ባትሪው ግን ያው ነው፣ በ2025 መሰራቱ ቆመ፣ አልፌዋለሁ።

ያገለገለ ስልክ ላይ ላይኔጅ ኦኤስ

ይሄኛው ላይ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ለብዙዎቻችን መልሱ ይሄ ነው። ላይኔጅ ኦኤስ በታህሳስ 2016 እ.ኤ.አ. ሳያኖጅንሞድ የሚባለው ከሱ በፊት የነበረው ሲስተም ሲዘጋ ሰዎቹ ኮዱን አንስተው የቀጠሉት ነው፣ አንድሮይድ ነው፣ ጉግል የሌለበት፣ አምራቹ ማዘመን ያቆመውን ስልክ እንደገና የሚያድስ። አፕ ኤፍ-ድሮይድ ከሚባለው የአፕ መደብር ትጭናለህ፣ እሱም ላይ ያሉት አፖች ኮዳቸው ክፍት ነው፣ ኔት ሳይኖር እንኳን ጎን ለጎን ሆናችሁ ከስልክ ወደ ስልክ የምትለዋወጡበት መንገድ አለው። ኦስማንድ ላይ ካርታ አውርደህ ከያዝክ ከደጀን እስከ ሞጣ ያለ ኔት ትሄዳለህ። ለአማርኛ ኪማን የሚባለው ኪቦርድ ክፍት ነው፣ የግዕዝ ፊደል ባለሙያዎች የሰሩት የአማርኛ አቀማመጥ አለው፣ እኔ ይሄንኑ የምጽፈው በሱ ነው። ኮከብና መሰላሉ እንደማንኛውም አንድሮይድ ይሰራል።

ግን ማንኛውም ስልክ አይሆንም፣ ቤት ያለውን ስልክ አንስታችሁ እንዳትሮጡ። አዲስ ሲስተም ለመጫን መጀመሪያ ቡትሎደሩ፣ ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ክፍል፣ መከፈት አለበት። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ አይቴል ይፋዊው ዝርዝር ላይ አላየኋቸውም። ሁዋዌ ከ2018 ጀምሮ የመክፈቻ ኮድ መስጠት አቁሟል። ሻዎሚ ይከፈታል ግን ብዙ ጊዜ ቀናት ጠብቅ ይልሃል። የጉግሉ ስልክ ፒክስል ቀላሉ ነው፣ እሱም ቢሆን ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ በአንዳንድ የኔትወርክ ድርጅት ስም የተሸጠው በጭራሽ አይከፈትም፣ ስለዚህ «አንሎክድ» የሚለው ሲም ለመቀየር ነው ወይስ ቡትሎደር ለመክፈት ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ የሰው ብር የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ሲከፈት ደግሞ ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ፎቶ፣ ቁጥር፣ ሁሉም። አንዳንድ የባንክ አፕም የተከፈተ ስልክ ላይ አልሰራም ሊል ይችላል፣ ያኔ ወደ ኮከብ መሰላል።

የራሴን ልንገራችሁ። የአጎቴን ስልክ ስጭን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነበር የተጠቀምኩት፣ የመጫኛው መስመር ግማሽ ላይ ደርሷል፣ መብራት ሄደ። ስልኩ የድርጅቱን አርማ እያሳየ ይጠፋል፣ ይነሳል፣ ይጠፋል። አጎቴ አጠገቤ ቁጭ ብለው «ሞተ እንዴ ልጄ?» ሲሉኝ ምን ልበላቸው። ማታ መብራት ሲመጣ እንደገና ከመጀመሪያው ጭኜ ተነሳ፣ ግን ያን ቀን የዋልኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። በላፕቶፕ ብቻ፣ ባትሪው ሙሉ በሆነ ላፕቶፕ።

ክፍትነቱ? ግማሽ ነው። ከላይ ያለው ክፍት፣ ታች ካሜራና ሞደሙን የሚያንቀሳቅሱት ፋይሎች ከአምራቹ የተወሰዱ ዝጎች ናቸው።

ሌሎቹ ባጭሩ

ፖስትማርኬት ኦኤስ በ2017 የተጀመረ ነው፣ አንድ ስልክ አስር ዓመት ይኑር የሚል ሐሳብ ያለው፣ አሮጌ ስልክ ላይ እውነተኛ ሊኑክስ ይጭናል። ዝርዝሩ ረጅም ነው፣ ግን ብዙዎቹ ይነሳሉ እንጂ አይደውሉም። ኡቡንቱ ተች የሚባለውን የስልክ ሊኑክስ የሰራው ድርጅት ካኖኒካል በ2017 ሲተወው ዩቢፖርትስ የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች አነሱት፣ ከፖስትማርኬት ይልቅ ለዕለት ይቀርባል። ፌርፎን ደግሞ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ሳይሆን በአንድ ጠመንጃ መፍቻ ሁሉም ነገር ስለሚፈታ ነው የሚነሳው፣ ፌርፎን 5 እስከ 2031 እ.ኤ.አ. ሶፍትዌር ይሰጠዋል ተብሏል፣ ጉግል በሌለው ሲስተምም ይሸጣል። ዋናው ገበያቸው አውሮፓ ነው፣ እዚያ ዘመድ ያለው ያስብበት።

አዲስ ፕሮጀክት ጠብቅ፣ ቅድመ ክፍያ ክፈል ለሚላችሁ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ቢያንስ ካኖኒካል ሊሰራው የነበረውን የኡቡንቱ ኤጅ ስልክ ዘዴ የያዘ መሆኑን እዩ። በ2013 እ.ኤ.አ. 32 ሚሊዮን ዶላር ካልሞላ ለሁሉም ይመለሳል ብለው ተነሱ፣ ከ12 ሚሊዮን ትንሽ አልፎ ቆመ፣ ስልኩ ቀረ፣ የሰው ብር ግን አልተነካም።

| | ዛሬ አለ? | መደወልና ኮከብ መሰላል | ባትሪ | ጥገና እዚህ | አማርኛ መጻፍ | ክፍትነት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ሊብረም 5 | አለ፣ ዘግይቶ | ይደውላል፣ ኮከቡን ፈትሹ | ደካማ፣ ይወጣል | የለም | ፈትሹ | ከፍተኛ | በጣም ውድ |
| ፓይንፎን | በየጊዜው ያልቃል | ይደውላል፣ ያመልጣል | ደካማ፣ የጄ7 ይገባል | ባትሪው ብቻ | ፈትሹ | ከፍተኛ | መካከለኛ |
| ላይኔጅ ያገለገለ ስልክ ላይ | አለ | ጥሩ | እንደ ስልኩ | አለ | ጥሩ | ግማሽ | ዝቅተኛ |
| ፖስትማርኬት፣ ኡቡንቱ ተች | አለ | እንደ ስልኩ ይለያያል | እንደ ስልኩ | አለ | ፈትሹ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| ፌርፎን | አውሮፓ | ጥሩ | ጥሩ፣ ይወጣል | ክፍሉ ከመጣ ቀላል | ጥሩ | ግማሽ | ውድ |
| ገና ያልተሰራ | የለም | – | – | – | – | ቃል | ቅድሚያ ብር |

ለማን የቱ?

ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ፣ ማርቆስም ባህር ዳርም ያላችሁ፣ ሶስት አራት ሆናችሁ አንድ ፓይንፎን ብታስመጡ ከብዙ ኮርስ ይሻላል፣ ግን የእናታችሁ ጥሪ የሚገባበት ስልክ ሌላ ይሁን። ያም ካልተቻለ ቤት የተጣለ አሮጌ ስልክ ፖስትማርኬት ዝርዝር ላይ ካለ እሱ ላይ ተማሩ፣ ብር አይጠይቅም።

ነጋዴ ከሆናችሁ፣ ቀን ሙሉ በቴሌብር የምትቀበሉና የምትከፍሉ፣ የሊኑክስ ስልክ እንዳትነኩ። ላይኔጅም ቢሆን መጀመሪያ የባንክ አፓችሁን ለሥራ የማትጠቀሙበት ሁለተኛ ስልክ ላይ ሞክሩት።

ክትትል የሚያሳስባችሁ፣ ብሩም ያላችሁ፣ ሊብረም። ብሩ የሌላችሁ፣ የሚከፈት ፒክስል ላይ ላይኔጅ፣ ወይም ለፒክስል ብቻ ተብሎ የሚሰራው ግራፊን ኦኤስ፣ በደህንነት በኩል እሱ ከላይኔጅ ይበረታል። ገጠር ላሉት እማማና አባባ ግን ባለ በተን ስልክ፣ ሳምንት የሚቆይ ባትሪ፣ በቃ፣ ርዕዮተ ዓለማችንን እነሱ ላይ አንሞክር።

የአክስቴን ልጅ መልሼ ደወልኩለትና ለእህትህ ያገለገለ ፒክስል በላት፣ ቡትሎደሩ መከፈቱን ሳታረጋግጥ እንዳትከፍል አልኩት። «ፓይንፎኑስ?» አለኝ፣ ድምጹ ወረደ። ከስር የሚሰማው ጓደኛዬ መሳቢያውን ጎተተ፣ ከተቆለሉት ያበጡ ባትሪዎች ስር አንድ ያላበጠ የጄ7 ባትሪ አወጣ፣ በሜትር ለካውና መደርደሪያው ላይ ለብቻው አስቀመጠው። «ካመጣው ትሞከርለታለች» አለ፣ ወደ ብየዳውም ተመለሰ።